ፍሬን የነካ አብሮ ይወርዳል

ጭሮ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጠው ሴትዮ ብላችሁ ብትጠይቁ የትኛውም ባጃጅ ሱቄ በር ላይ ያወርዳችኋል። «ምላሷ ግን ይፋጃል» ብሎ ማስጠንቀቁም አይቀርም። ይበለኝ። ሱቁ የባለቤቴ ነበር። እሱ ከኋላ ጋራዡ ውስጥ መኪና ሲፈታ ሲገጥም፣ እኔ ከፊት ቡሎን፣ ጎሚኒ፣ የፍሬን ሸራ እሸጥ ነበር። ታሞ ካረፈ በኋላ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጋራዡን አከራየሁት። ሱቁን ግን ሽጪው ያሉኝን ዘመድ አዝማድ ሁሉ በመጡበት እግራቸው መለስኳቸው። በወንድ ንግድ ውስጥ የገባች ሴት ምላስ ከሌላት በር እንደሌለው ቤት ናት፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ይገባባታል።

ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው። ጋራዡ ውስጥ ነው ያደገው፤ ያባቱን ቦታ ይይዛል ብዬ በሆዴ ጨርሼ ነበር። እሱ ሆዬ ወታደር ቤት ገባ። ያን ጊዜ ያላልኩት ነገር የለም፤ እርጉዝ ሆኜ ያቃረኝን ሳይቀር ቆጥሬበታለሁ። «እማ፣ እዚያም እኮ የሚበላሽ መኪና አለ» ብሎኝ ሄደ። ሳልመርቀው እንዳይሄድ ፈርቼ፣ አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮት መረቅኩት። አላህ ለእናት ያዳላል መሰለኝ፣ ብዙ አገር ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ እዚሁ ቆላው ላይ፣ ሚኤሶ አጠገብ ያለ ካምፕ ጥገና ክፍል ተመደበልኝ። ፈቃድ ሲያገኝ የሚኤሶን አቧራ ቅንድቡ ላይ ተሸክሞ ይመጣል፤ እኔም እያጠብኩ እሳደባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ገባና በውስጡ ያለውን እቃ መስታወት ባንኮኒዬ ላይ ዘጭ አደረገው። መስታወቴን ብትሰብር ያባትህን ጋራዥ በእጅህ አስጠርግሃለሁ አልኩት፤ ከዚያ ነው የሳምኩት። እቃው ኮምፕረሰር ነበር። የካምፑ የውሃ ቦቴ ኦራል ናት፤ ያችን አፍንጫዋ የረዘመ አሮጌ የወታደር መኪና የማያውቅ የለም። ፍሬኗ የሚሠራው በአየር ነው። አየሩን የሚሞላላት ይህ ኮምፕረሰር ነው። እሱ ከሞተ፣ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክማ ቁልቁለት ላይ ሳለች እግርህ እስኪዝል ብትረግጥም አትቆምልህም።

ኦራሏ ከጭሮ ውሃ እየሞላች ወደ ካምፑ ትወርዳለች። ዝናብ በጠፋበት በዚያ ዓመት ደግሞ ከካምፑ አልፋ ከብት አርቢዎቹ መንደር ድረስ ታደርስ ነበር። ኮምፕረሰሩ የሞተው እዚሁ ጭሮ ውሃ መሙያው ጋ ቆማ እየሞላች ሳለ ነው፤ እንኳንም መንገድ ላይ አልሆነ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ቆማለች። መለዋወጫ ተጠየቀ፤ ጠብቁ ተባለ። እቃው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣም ወርቅ ነው። ሲጠበቅ ሲጠበቅ መኪናዋ ትሰረዝ የሚል ወሬ መጣ። ልጄ ደግሞ ሲያስበው ሲያሰላስለው ከርሞ፣ ጭሮ ውስጥ ያለ የጫት መኪና ሁሉ የዚህ እቃ ታናሽ ወንድም አለው፣ ለምን እሱን አንገጥምላትም አለኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩበት። ኦራል ላይ የጫት መኪና ኮምፕረሰር፣ ግመል ላይ የአህያ ኮርቻ! እሱ አልሳቀም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካት ጀመረ፤ እኔም መነጽሬን አድርጌ ገባሁበት። የቡሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ለእሱ ብረት የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት መቀመጫ ይሠራለታል። የሚያዞረው ቀበቶም ቦታው ይለያያል፤ እሱም መላ አለው። አንድ ነገር ግን መላ አልነበረውም። የጫት መኪናው እቃ ያንሳል። ሜዳ ላይ አየሩ ይበቃታል። ከጭሮ እስከ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ግን፣ ሹፌሩ በየጠመዝማዛው ፍሬን በያዘ ቁጥር አየር ይወጣል፤ ትንሹ ኮምፕረሰር የወጣውን ቶሎ ቶሎ ይተካል ወይ? ይህን ወርደህ ካላየኸው በቀር ረቢ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«እማ፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትገጥሚያለሽ?» አለኝ። መደርደሪያዬ ላይ አዲስ፣ በካርቶን የታሸገ፣ የሚያብረቀርቅ ነበረ። እሱን ትቼ ጎንበስ አልኩና ከባንኮኒው ስር፣ ለማንም አልሸጥም ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ያገለገለ ኦርጅናል አወጣሁለት። ይኼኛው ሥራ ያውቃል አልኩት። አንገቴን አቅፎ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሸሚዜንም በግሪስ ነከረልኝ።

በሳምንቱ አለቃው ሻምበሉ ራሱ ሱቄ መጣ። ደርበብ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ልጄና የኦራሏ ሹፌር አብረውት ነበሩ። ሹፌሩ ወጣት ወታደር ነው፤ ኦራሏ ከቆመች ጀምሮ እሷን እየጠበቀ ጋቢና ውስጥ ነበር የሚያድረው። ልጄም ሊጠግናት እዚያው ይውል ስለነበር ምሳውን ለእሱም የሚተርፍ አድርጌ ነው የምልከው፤ ልጄ እየቆረሰ ያጎርሰዋል። እኔ ግን ከሰላምታ በቀር ከእሱ ጋር ቃል ተለዋውጬ አላውቅም። ዝምተኛ ነው፤ ያን ቀንም በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ሻምበሉ ሐሳቡን ወዶታል። እንዲህ አይነት መኪና በካምፑ አንዷ ብቻ አይደለችም አለኝ። ገበያ ላይ ያለውን እቃ ማላመድ ከቻልን ለአንድ ጥገና የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል፣ መኪናም ዓመት ሙሉ ቆሞ አይበሰብስም። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ግን ቆብ ያደረገ ራሱን ወዘወዘ። ሰው ነው የምጭንባት፣ አለኝ፤ ለዚህ ሥራ ዋስትናው ምንድን ነው?

ዋስትና ሲል የኔ ልብ አበጠ። ጭሮን አያውቃትም ማለት ነው። ጫት አንዴ ከተቆረጠ ሰዓት አይጠብቅም፤ ጠውልጎ ከደረሰ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ የጫት መኪና አይሄድም፣ ይበራል። የሚበርን መኪና ፍሬን የሚጠግን ሰው ቀልድ የለውም። በከተማችን ጋራዦች አንድ ደንብ አለ። ፍሬን የተጠገነለት ሹፌር መካኒኩ ጋቢና ገብቶ ካልተቀመጠ ቁልቁለት አይጀምርም። የሠራው አብሮት እስከ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቅብ በሚወጣ መኪና ለምኖ ይመለሳል። አልወርድም ያለ መካኒክ ሥራው እዚያው ሰው ፊት ይፈታል፤ ሁለተኛ ፍሬን የሚያስነካው የለም። ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ እንዲሁ ሲወርድ ኖረ። ከሚኤሶ ሲመለስ የግመል ወተት ይዞልኝ ይመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሻምበሉ አወራሁለት። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ሱቁን ሞልቼው።

«ሻምበል፣ እኛ አገር ለፍሬን ወረቀት አንሰጥም፤ ሰው ነው የምንሰጠው» አልኩት። «ፍሬን የነካ አብሮ ይወርዳል።»

ሻምበሉ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ወደ ልጄም ዞረ። «ጥሩ ደንብ ነው። እንግዲያው አንተ አብረህ ትወርዳለህ» አለው።

ያን ጊዜ ነው ያልኩት ነገር ለራሴ የተሰማኝ። ወይ ጉዴ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ፍሬኑን የነካው እጅ የማን እንደሆነ በኩራቴ መሃል ረስቼው ነበር። ያቺን ትንሽ ኮምፕረሰር ከባንኮኒ ስር ያወጣሁ እኔ፣ ልጄን ከላይዋ ላይ አስቀምጬ ቁልቁል የሰደድኩትም እኔ። ልጄ ቀድሞም ሊወርድ ነበረ መሰለኝ፣ ምንም አልደነቀው። ሻምበሉ ወጥቶ ሲሄድ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ተከተለው።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ቶርኖ ቤት ሄጄ የተሠራውን መቀመጫ ብያኔ እንደሚሰጥ ሰው አገላብጬ አየሁ፤ ባለቶርኖው ሳቀብኝ። ደንበኛ ሲመጣ ፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ የሞተር ሻማ አቀብለዋለሁ። ልጄን ሌላ መካኒክ ይውረድ፣ ጋራዡን የተከራየውን ሰው እኔ አስማማዋለሁ ብዬ ለመንኩት። «እማ፣ አባቴ ቢሆን ይቀር ነበር?» አለኝ። የሞተ ሰው ምስክር ጠራብኝ።

እቃው ተገጠመ። ባዶዋን ከተማው ውስጥ ነዷት፤ አየሩ ሞላ፣ ፍሬኑ ያዘ። የቀረው ውሃ ሞልቶ መውረድ ብቻ ነበር። የሚወርዱበት ዕለት ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ውሃ መሙያው ጋ ሄድኩ። ሻምበሉን ለብቻው ጠርቼ፣ እቃውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እኔም ጋቢና ልግባ አልኩት። አልተቆጣኝም። «እናቴ፣ በወታደር መኪና ሲቪል አይጫንም። እርስዎ ደንብ አለን እንዳሉኝ ይሄ ደግሞ የኛ ደንብ ነው» አለኝ። በገዛ ዱላዬ ነው የመታኝ።

ኦራሏ እያጓራች ስትነሳ፣ ሻምበሉም በፒካፑ ከኋላዋ ሲከተል፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ቀረሁ። እግሬ ግን አልቆመም። የጎረቤቴ ባጃጅ እዚያው ነበረ፤ ባለባጃጁ ጢሙ የሸበተ፣ ከኔ ጋር ሲነታረክ ያረጀ ሰው ነው። ገብቼ ተቀመጥኩና ከኦራሏ ቀድመህ ውጣ፣ እስከ ታች ከፊቷ ሁን አልኩት። አንቺ ሴትዮ ጤናሽን ነው አለኝ። ታርጋው ከከተማ እንደማያስወጣው፣ ትራፊክ ቢይዘው ልጆቹን እኔ እንደማበላ፣ ሁሉንም እያጉረመረመ ነዳ። ነዳልኝ ግን። ውስጥ ለውስጥ አቋርጦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከፊቷ ገባ።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነበር። ፍሬኑ እምቢ ካለ መጀመሪያ የምትመታው እኔን ነው። የልጄን ሬሳ ከሚያመጡልኝ ከእሱ በፊት ልሂድ። በጤናማ ጭንቅላት የታሰበ ነው አልልም፤ ያን ጠዋት ግን ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ደግሞም ይህን ደንብ ያወጡት ወንዶች እቃ ሻጩን ረስተውት ነው እንጂ፣ የሸጠም መውረድ ነበረበት።

ከባጃጁ ሸራ ኋላ ያለችውን ትንሽ ላስቲክ መስኮት በእጄ ጠርጌ ወደ ኋላ ዞሬ ተቀመጥኩ። ኦራሏ መንገዱን ሞልታ ትመጣለች። ልጄ ባጃጁን ሲያይ በመስኮት ግማሽ ሰውነቱን አውጥቶ በእጁ ዞር በሉ፣ ሂዱ አለን። ሹፌሩም ጡሩንባ ነፋ። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ባለባጃጁ ልፍጠን ወይስ ምን ልሁን ሲለኝ «ሱታ፣ ሱታ» አልኩት፤ ቀስ በል፣ ከፊታቸው እንዳትጠፋ። ጠመዝማዛ ላይ ቀድመውን ማለፍ አይችሉም፤ እነሱም ቀስ አሉ።

በየጠመዝማዛው ፍሬን ሲያዝ፣ ከዚያ ሲለቀቅ፣ አየሩ ፍስስ ሲል ይሰማኛል። ፍስስ ባለ ቁጥር አልሃምዱሊላህ እላለሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ አሁን ስንት አየር ቀረ እላለሁ። የጫቱና የማሽላው እርከን እያለቀ ግራሩ መጣ፣ ሙቀቱ ከታች ፊታችንን ይመታን ጀመር። ላቤ ይሁን እንባዬ እንጃ፣ መስኮቷ ደበዘዘችብኝ። ያችን ከጨርቅ ያወጣኋትን ብረት በስሟ እየጠራሁ አደራሽን፣ አደራሽን እላታለሁ። ባለባጃጁ መነታረኩን ትቶ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ይቀራል።

መንገዱ ሜዳ ሲሆን ኦራሏ ዳር ይዛ ቆመች። እኛም ቆምን። ልጄ ዘሎ ወረደ። አየሩ ከታች እስክንደርስ ከልኩ አልወረደም አለኝ፤ እልል ልል አፌን ስከፍት ግን ፊቱን አየሁት። አመድ መስሏል። ከተወለደ ጀምሮ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«እማ፣ ፍሬኑ እምቢ ቢል ምን እናደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለኝ።

እኔ ላይ ትወጡ ነበራ፣ እኔም ለዚያ ነው የመጣሁት አልኩት።

«አይደለም» አለኝ። «ፍሬን ያጣ ሹፌር መኪናውን ተራራው ላይ እያሻሸ ነው የሚያቆመው። ለዚያ ከፊቱ ባዶ መንገድ ይፈልጋል። ባዶውን መንገድ አንቺ ያዝሽብን። ከላይ ገና ባጃጁን ስናይ ተነጋገርን። እምቢ ካለ ወደ ገደሉ ልንዞር ነበር።»

ባጃጁን ይዤ ቆምኩ። እሱ ወደ ሹፌሩ እያየ ቀስ ብሎ ጨመረ። «እኔ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነበር። እሱ ነው ያለው። እናትህ ናት፣ አንነካትም አለኝ።»

ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በእጁ ጎማዎቹን ይዳስስ ነበር። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ ክርን ላይ ራሱ የሰፋው እራፊ አለ፣ ወንድ እጅ እንደሰፋው ያስታውቃል። በዚያ ሁሉ ቀን ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር ለኔ የተቀመጠው። መሪውን የያዘውን አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። እሱ ግን ስሜን እንኳ ሳይጠይቀኝ፣ ለኔ ብሎ ገደል ሊገባ መሪውን አዘጋጅቶ ወርዷል። ሄጄ ሁለት ጉንጩን ይዤ ሳምኩት፤ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

እናትህ የት ናት አልኩት። መንዝ፣ አለኝ። ደውልልኝ አልኩት። ምን ሊበጅ ብሎ ተግደረደረ፤ ልጄ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ሻምበሉም ደርሶ ፒካፑን ከኋላ አቁሞ ነበር፤ አልወረደም፣ ጊዜ ሰጠን።

ስልኩ ከሩቅ ጠራ። አሮጊት ድምፅ ነው ያነሳው። ልጅሽ ካለበት አገር ነው የምደውልልሽ፣ አትደንግጪ፣ አጠገቤ ቆሟል፣ ደህና ነው አልኳት። ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል፣ ነፋስም።

«ምን ሊሆን ነበር?» አለችኝ።

ሹፌሩ ፊት ለፊቴ ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። የሚሠራውን አልነገራትም ለካ፤ ውሃ የሚጭን መኪና እንደሚነዳ እንኳ አታውቅም ማለት ነው።

«ምንም» አልኳት። «እዚህም እናት አለችው ልልሽ ነው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሱ እንዳይሰማባት ይመስል፣ «ብርድ አይችልም፣ ልብስ ደርብ በይልኝ» አለችኝ።

ሚኤሶ ሜዳ ላይ ነን፤ ፀሐይዋ አናቴን ትበሳኛለች፣ የኦራሏ ብረት እጅ አያስነካም።

«እሺ እህቴ» አልኳት። «አስደርበዋለሁ።»